ባለቤት ያልተጻፈላት ማሽን

መካነ ሰላም የተመደብኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ደሴ ኮምፒውተር ተምሬ ከጨረስኩ በኋላ አጅባር ወላጆቼ ቤት ወራት ያለ ሥራ ተቀምጬ ነበር። የምደባው ደብዳቤ ሲመጣ አባቴ መነጽሩን አድርጎ የሥራ መደቡን ስም ሦስት ጊዜ አነበበውና፣ «እንግዲህ ሥራሽ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ኮምፒውተር መጠበቅ» አልኩት።

«ከሌባ?»

«ከመቆም።»

ነገሩ ብዙም አልገባውም። ግን ደብዳቤውን በጥንቃቄ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ እስክሄድ ድረስም ላገኘው ሰው ሁሉ እያወጣ ያሳይ ነበር።

እነዚያን ዓመታት ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጉሙ ነው። ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ በክረምት ጉሙ ከዓባይ በረሃ ሽቅብ እየተጎተተ ይመጣል። መናኸሪያውን ይውጠዋል፤ ከዚያ የመስጊዱን ሚናራ፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት፤ በመጨረሻ የሰው ድምፅ ብቻ ይቀራል። ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው «አማን አደርሽ?» ይለኛል፤ እኔም ማን እንደሆነ ሳላውቅ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ አልፋለሁ። ክርስቲያን ብሆንም እዚያ አገር መልሱ እሱ ነው። አንዳንድ ጠዋት ከቤት እስከ ቢሮ ድረስ አንድም ሰው ሳላይ፣ ግን ከብዙ ሰው ጋር ሰላም ተባብዬ እደርስ ነበር።

ቤት የተከራየሁት አንድ ቁርአን የሚያስተምሩ ሸህ ግቢ ውስጥ ነው። ጠዋት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የተማሪዎቻቸው፣ የደረሶቹ ድምፅ ነበር፤ በእንጨት ሰሌዳቸው ላይ የተጻፈውን ቁርአን እየተቀባበሉ ሲቀሩ፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው ሲጨርስ፣ በግድግዳው አልፎ እንደ ንብ መንጋ ይገባል። ሸሁ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ደግሞ አጠር ያሉ፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ፣ እኔ «እትዬ» የምላቸው እናት ናቸው። ክፍሉን ሲያሳዩኝ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠለ ሰማያዊ ሻሽ አየሁ።

«ይሄ የልጄ ክፍል ነው» አሉኝ። «ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊ። እሱን ብቻ ከዚያው ተይልኝ።»

ልጅቷ ዐረብ አገር ከሄደች ዓመታት ሆኗታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ትደውል ነበር፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ድምጿ ጠፍቷል። የነበራት ቁጥር አይሠራም። የላካት ደላላ የት እንደገባ አይታወቅም። እትዬ ይህን ሁሉ የነገሩኝ ሙሉ ቀን የወሰደ ያህል ቀስ ብለው ነው። ሸሁ ስለ ልጃቸው ሲናገሩ ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። ካፖርቴን ከሻሹ አጠገብ ሌላ ሚስማር ላይ ሰቀልኩና ኑሮ ጀመርኩ።

የምጠብቀው ነገር በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጀርባ፣ መስኮቱ በቆርቆሮ በተደፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ የቆመ አንድ ጥቁር ብረት ነበር። ቁመቱ ከእኔ ትከሻ አይበልጥም። ብረቱ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ ስድስት ኮምፒውተሮች ነበሩ። የየራሳቸው አካል የላቸውም፤ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተው እንደሚኖሩ ቤተሰቦች አንዱን ብረት ተካፍለው፣ እያንዳንዳቸው ግን ለብቻቸው ያሉ መስሏቸው ይሠራሉ። ቨርቹዋል ማሽን ነው የሚባሉት። አንዷ ብትወድቅ ሌላዋ አታውቅም።

እኔ እነሱን የማያቸው በሌላ ፕሮግራም ነው። በግራ በኩል ስማቸው ተደርድሯል፤ ከስማቸው አጠገብ ደህና ስትሆን አረንጓዴ፣ ስትታመም ቢጫ፣ ስትቆም ቀይ የምትሆን ነጥብ አለች። ስማቸው ግን ስም አልነበረም። ብረቱን መጥቶ የተከለው ባለሙያ ቸኩሎ ይሁን ወይም ሰልችቶት፣ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ሰጥቷቸው ሄዷል። ማን ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ አልነበረም።

በመጀመሪያው ወር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሁለተኛዋ ሳትነሣ ቀረች። እኔ የትኛዋ ምን እንደሆነች ስለማላውቅ መጀመሪያ አንደኛዋን፣ ከዚያ አራተኛዋን ስፈትሽ ግማሽ ቀን አለፈ። በኋላ ወደ ግቢው ብወጣ ከመሬት አስተዳደር በር ፊት ገበሬዎች ተኮልኩለው ተቀምጠዋል። የይዞታ ደብተራቸውን ሊያዩ መጥተው «ማሽኑ ታሟል» ተብለዋል። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ የታመመው ማን ነው?» አሉኝ።

«ማን የሚባል የለም አባቴ፤ ኮምፒውተር ነው።»

«ስሙስ?»

ምን ልበላቸው? «ሁለት ነው ስሙ» አልኳቸው።

ሳይስቁ አዩኝ። «ስሙን ሳታውቂ እንዴት ታድኚዋለሽ?» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ከዓባይ ዳር ቀበሌ አራት ሰዓት በእግራቸው ነበር የመጡት። ያን ቀን ሳይሳካላቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ክልል ላለው ባለሙያ ደወልኩ። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ለእኔ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ሁልጊዜ የሆነ ነገር እያኘከ የሚያወራ ድምፅ።

«ስማቸውን ልቀይር?» አልኩት።

«ስም አትንኪ፤ ብዙ ነገር በስማቸው ተያይዟል፤ ይፈርስብሻል። ባሕርይ ጨምሪባቸው።»

«ምን ጨምሪ?»

«ባሕርይ። የራስሽን። አንዷን ማሽን ስትከፍቺ በቀኝ በኩል የባሕርያቷ ዝርዝር አለ አይደል? ስንት ጉልበት አላት፣ ስንት ቦታ ይዛለች ይላል። ከሥሩ ‹አዲስ ጨምር› የምትል አለች። ርዕሱን አንቺ ትሰጪዋለሽ፤ ከፊቱ ደግሞ የፈለግሽውን ጽሑፍ ትጽፊያለሽ። ማሽኗን አይነካትም፤ እኛው እንድናውቃት ነው።»

«ለስድስቱም ለየብቻ?»

«አይ፤ ርዕሱን አንዴ ከፈጠርሽ ስድስቱም ላይ ይወጣል። መልሱን ነው ለየብቻ የምትሞዪው።»

ያን ከሰዓት ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። ብረቱ በለሆሳስ ያንጎራጉራል፤ ክፍሉ ከእሱ የሚወጣው ሙቀት ስላለው በከተማው ከሁሉ የሚሞቀው ቦታ ነው። ተቀምጬ የመጀመሪያውን ርዕስ ጻፍኩ፦ «ሥራዋ»። ቀጥዬ «የሚመለከተው ሰው»። እዚህ ላይ ማቆም ይበቃ ነበር። ግን የሽማግሌው ፊት አልጠፋ አለኝና ሦስተኛ ጨመርኩ፦ «ስትቆም የሚቸገረው»።

ርዕሶቹ ወዲያው ስድስቱም ላይ ባዶ ሆነው ብቅ አሉ። ለሳምንታት ከቢሮ ቢሮ እየዞርኩ እየጠየቅሁ ሞላኋቸው። አንደኛዋ የደመወዝ ሆና ተገኘች፤ «ወር ጠብቆ የሚኖር መምህር»። ሁለተኛዋ ላይ «ከዓባይ ዳር አራት ሰዓት በእግሩ የሚመጣ ገበሬ» ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛዋ የትምህርት ቤቶች ውጤት ነበረች፤ «የፈተና ካርዷ ያልደረሳት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ»። አራተኛዋ የስብሰባ ነበረች፤ ከዞንና ከክልል ጋር በስክሪን ፊት ለፊት የምንሰበሰብባት። የሚመለከተው ሰው ሞልቶ ነበር፤ ስትቆም የሚቸገረው ላይ ግን ብዙ አስቤ «የለም» አልኩ። አምስተኛዋ የጤና ጣቢያዎቹን መድኃኒት የምትቆጥር ሆና ተገኘች፤ «ቆላ ያለ የወባ በሽተኛ»።

ስድስተኛዋን ማንም አላወቃትም። ነጥቧ ሁሌም አረንጓዴ ናት። አትታመምም፣ አትደክምም፣ ከማንም ጋር አትነጋገርም። የእንቅስቃሴ መስመሯን ስከፍት ከወዲያ እስከ ወዲህ ቀጥ ያለ ነው። እንደተኛ ሰው ነበረች፤ ልቀስቅሳት ብል የመግቢያ ቃሏን የሚያውቅ የለም። ሦስቱም ባዶ ቦታዎች ባዶ እንደሆኑ ቀሩ።

አንድ ሰኞ ባለሙያው ራሱ ደወለ።

«አንቺ፣ ማሽኖቹ ላይ ምንድን ነው የጻፍሽው? እኔ ጋ የሚታየኝ ሳጥን በሳጥን ላይ ነው። የብሎኬት ግንብ ሠርተሻል።»

«አማርኛ ነው። እናንተ ጋ ፊደሉ የለም ማለት ነው።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። ስለ ገበሬው ስደርስ ማኘኩን ተወ። ስለ ስብሰባዋ «የለም» ስለው ሳቀ። ከዚያ፣ «ስድስተኛዋስ? እሷ ላይ ሳጥንም የለ» አለኝ።

«ባዶ ናት። ማን እንደሆነች አላወቅሁም።»

«እንግዲያው ጥሩ። የብረቱ ቦታ ሊሞላ ነው። ካልተለቀቀ ሁለተኛዋ ወር ሳይሞላት ትቆማለች። ስድስተኛዋ ዓመታት ሙሉ ማንም አልነካትም። ላጥፋት።»

«ውስጧ ምን እንዳለ ሳናውቅ?»

«የሚፈልጋት ቢኖር ይመጣ አልነበር?» አለ። ከዚያ ትንሽ አኝኮ፣ «እስከ ዓርብ እጠብቅሻለሁ። ዓርብ ባዶ ከሆነች ትጠፋለች።»

ለኃላፊዬ ነገርኩት። ኃላፊዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ጠረጴዛው ላይ የሩብ ዓመት የዕቅድ አፈጻጸም ተቆልሎ ነበር። «አጥፉት በቃ» አለኝ ቀና ሳይል። «ሪፖርቱ ላይ ‹የማከማቻ ቦታ ተቆጥቧል› ብለሽ አስገቢልኝ፤ ካይዘን ነው እሱም።»

የያዝኩት ፍንጭ አንድ ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ ስድስተኛዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገራት የትኛው የጠረጴዛ ኮምፒውተር እንደሆነ ይናገራል። ማክሰኞና ረቡዕ ያንን ኮምፒውተር ስፈልግ ዋልኩ። በመጨረሻ ንብረት ክፍል ውስጥ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር አገኘሁት፤ አቧራው ላይ በጣት ስም መጻፍ ይቻል ነበር። የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ወዲያው አወቀችው።

«እሱ ላይ የምትጽፍ ልጅ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ስትጽፍ ነበር የምትውለው» አለችኝ። «ዐረብ አገር ሄዳ ተመልሳለች። መስጊዱ አጠገብ ልብስ ትሰፋለች፤ ሂጂ ታገኛታለሽ።»

ያን ቀን ጉሙ መሬት ድረስ ወርዶ ነበር። የስፌት መኪናውን ድምፅ ተከትዬ ነው ሱቋን ያገኘኋት። ሠላሳዎቹ ውስጥ የምትሆን ሴት ጥቁር ዐባያ እየሰፋች ተቀምጣለች፤ የግራ እጇ ላይ ከአውራ ጣቷ እስከ አንጓዋ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ከወረዳ እንደመጣሁ ስነግራት ፊቷ ተቋጠረ፤ ስለ ማሽኗ ስነግራት ግን እግሯ መርገጫው ላይ ቆመ።

«አለች እንዴ?» አለችኝ፤ ስለ ሰው የምትጠይቅ ነበር የሚመስለው። «እስካሁን አለች?»

«አለች። ግን ዓርብ ሊያጠፏት ነው። ምን እንደሆነች ንገሪኝ።»

ወንበር ሳበችልኝና ነገረችኝ። አንድ የእርዳታ ድርጅት መጥቶ ነበር፤ ለሦስት ወር። ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጆችን ከየቀበሌው እየጠሩ ይመዘግቡ ነበር፤ ስማቸውን፣ ቤተሰባቸውን፣ ፎቷቸውን፣ ማን እንደሚልካቸው፣ እዚያ ማን እንደሚቀበላቸው ከነስልኩ። ልጅ ብትጠፋ መነሻ እንዲኖር ነው። የምትጽፈው እሷ ነበረች። ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የተረከበው ሰው አልነበረም።

«እኔም ከዚያ በኋላ ሥራ አላገኘሁም» አለች። «የሰው ሁሉ ስም ጽፌ ስጨርስ የራሴን ጻፍኩና ሄድኩ። የመጨረሻዋ እኔ ነኝ።»

ሐሙስ ከሰዓት ሱቋን ዘግታ መጣች። ከብረቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። የመግቢያ ቃሉን ስጠይቃት ራሷን ነቀነቀች፤ ረስታዋለች። አንዴ ሞከረች፣ አልሆነም። ሁለተኛ ሞከረች፣ አልሆነም። ሦስተኛ ከተሳሳትን ማሽኗ እንደምትቆለፍብን ነገርኳት። እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች።

«ዝም በይኝ እስቲ» አለችና ዐይኗን ጨፈነች። ከዚያ ጣቶቿን መልሳ ቁልፎቹ ላይ አሳረፈቻቸው። ብረቱ ያንጎራጉራል። ድንገት ጣቶቿ በፍጥነት ሮጡ፤ ምን እንደጻፈች እሷም ያወቀች አልመሰለኝም። ማሽኗ ተከፈተች።

ፊቶች ነበሩ። ስክሪኑ ሙሉ፣ ወደ ታች ብንወርድም ፊት፣ ብንወርድም ፊት። ሁሉም በአንድ ነጭ ግድግዳ ፊት የቆሙ ሴት ልጆች፤ አንዳንዷ ሳቋን ልትለቅ ስትል የተያዘች፣ አንዳንዷ ካሜራውን የፈራች። ልብስ ሰፊዋ ቀስ እያለች ታልፋቸዋለች።

«ይቺ ተመልሳለች፤ አግብታ አቀስታ ከተማ ትኖራለች። ይቺ ጂዳ አብራኝ ነበረች። ይቺ…» ቆመች። «ይቺ ሞታለች። ሬሳዋ አልመጣም።» የሞተችውን ሳታልፍ ጥቂት ቆየች።

መጨረሻ ላይ የራሷ ፎቶ መጣ። ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ዐይኗ የሚያበራ ልጅ። ረጅም ጊዜ አየቻት። «አላውቃትም» አለች በመጨረሻ፤ ፈገግ ብላ ነበር ግን።

እኔ ወደ ላይ እንድትመለስ ለመንኳት፤ ስናልፍ የማውቀው ነገር ያየሁ መስሎኝ ነበር። ተመለሰች። ሰማያዊ ሻሽ ያደረገች ልጅ። ያችን ልጅ በሕይወቴ አይቻት አላውቅም፤ ሻሹን ግን በየቀኑ አየዋለሁ። ከፎቶው ሥር የአባቷ ስም አለ፤ የሸሁ ስም። ከእሱ ሥር የተቀባይ ስም፣ ከተማና ስልክ።

ከመዝገብ ላይ የሰው ቁጥር ማውጣት ይገባኝ እንደሆነ ማንንም አልጠየቅሁም። መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

ዓርብ ጠዋት የስድስተኛዋን ባዶ ቦታዎች ሞላሁ። «የሚመለከተው ሰው» ላይ ሰፊዋን ጻፍኩ። «ስትቆም የሚቸገረው» ላይ «ልጁ ዐረብ አገር ሄዳ የጠፋችበት ሁሉ» አልኩ። ባለሙያው ሳጥን እንዳይሆንበት ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ደገምኩት። ሲደውል አንብቦት ኖሯል።

«ቦታውንስ ከየት ላመጣ ነው?» አለኝ፤ ድምፁ ግን አልከረረም።

«አራተኛዋ ውስጥ የስብሰባ ቅጂዎች አሉ። ከተጀመረ ጀምሮ ያለው ሁሉ ተቀርጾ ተቀምጧል።»

«ማን ያየዋል?»

«ማንም።»

ሲያኝክ ሰማሁት። «እሱን ላጥፋ» አለ።

ለእትዬ የነገርኳቸው በዚያው ቀን ከሰዓት ነው። ስንዴ እየለቀሙ ነበር። ቁጥሩን ሳሳያቸው ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ፈራሁ፤ እሳቸው ግን ተነሥተው መጀመሪያ የግቢውን በር ዘጉ።

«ለሳቸው እንዳትነግሪ» አሉኝ። «ካልተገኘች ሁለተኛ ጊዜ ትጠፋባቸዋለች። እኔ እችለዋለሁ።»

ሦስታችን ሰፊዋ ሱቅ ተሰበሰብን። ዐረብኛ የምትችለው እሷ ናት። ቁጥሩን ስትደውል አንድ ወንድ አነሣ። ያኔ ያየሁትን አልረሳውም፤ ሰፊዋ ከወንበሯ ብድግ አለች፣ ጀርባዋን አቀናች፣ ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች፤ ድምፅዋም የማላውቀው ቀጭንና ፈጣን ድምፅ ሆነ። ሰውዬው ከፊቷ የቆመ ይመስል ነበር። በኋላ ስልኩን ለሚስቱ ሰጠ፤ ሚስትየዋ ልጅቷ ከቤታቸው ከሄደች እንደቆየች፣ አብራት ትሠራ የነበረች የኛ አገር ሴት ግን አሁን ሌላ ቤት እንደሆነች ተናግራ የእሷን ቁጥር ሰጠች። ሰፊዋ ስልኩን ዘግታ ተቀመጠች። እትዬ ጠባሳ ያለበትን እጇን ያዙላት።

በሁለተኛው ቁጥር የኛው አገር አማርኛ መጣ። ከአጠገባችን፣ ከማሻ የሄደች ሴት ነበረች። የልጅቷን ስም ስትሰማ ደግማ አስጠራችን። ከዚያ፣ «አለች» አለች። «በሕይወት አለች። ትደውል እንደሆነ እጠይቃታለሁ፤ ከዚህ በላይ አልችልም።»

ስምንት ቀን ጠበቅን። በእነዚያ ቀናት እትዬ ስልካቸውን ከመቀነታቸው አላወጡትም። ጨው ሲቀምሱ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ ዱዓ ሲያደርጉ እጃቸው በየመሐሉ ወደ ወገባቸው ይሄዳል። እኔ ደግሞ ቢሮ ተቀምጬ፣ ባላየሁት ኖሮ ይሻል ነበር ይሆን እያልኩ ራሴን እጠይቅ ነበር።

ስልኩ የጮኸው በገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። ሸሁ ደረሶቹን ሸኝተው አጎዛቸው ላይ አረፍ ብለው ነበር፤ እኔ ምሳ ልበላ መጥቻለሁ። እትዬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው «አቤት» አሉ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እንባቸው አገጫቸው ድረስ ሲወርድ ሸሁ አዩአቸው።

«ማን ነው?» አሉ ሸሁ።

እትዬ ስልኩን ዘረጉላቸው። ሸሁ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

ከስልኩ የሚወጣው ለቅሶ እኔም ድረስ ይሰማ ነበር። ልጅቷ የጠፋችው ተቸግራ ብቻ አልነበረም። እዚያ አንድ ሱዳናዊ አግብታለች። አባቷን ሳታስፈቅድ፣ ወሊይ ሆኖ የሚድራት ዘመድ ሳይቆምላት ነው ያገባችው፤ የቁርአን መምህር ልጅ ሆና። ያን በምን አፏ ትንገራቸው? ነገ ዛሬ ስትል ወር ሆነ፣ ከዚያ ዓመት ሆነ፣ ከዚያ ቁጥሯን ቀየረች። ሁሉንም አንድ ላይ ለቀቀችው። ሸሁ አንድም ጊዜ አላቋረጧትም። ስትጨርስ እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ ነከሱ።

«ሰውዬው ይሰግዳል?» አሉ ሸሁ በመጨረሻ።

አብረን እንሰግዳለን ዓይነት ነገር መለሰች።

«ይመታሻል?»

አይመታትም።

«ኒካሑን ሰው ወክለን እንደገና እናስረዋለን፤ ለሱ ዘዴ አይጠፋም፤ ኪታቡን አየዋለሁ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «አንቺ ግን ልጄ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ የሙት ዱዓ ላድርግልሽ ወይስ የሕያው እያልኩ ነበር። ይሄ ይደረጋል?»

ልጅቷ የመለሰችውን አልሰማሁም። በኋላ ከወዲያ ማዶ የሕፃን ድምፅ መጣ፤ አጭር፣ የተኮላተፈ ነገር። ሸሁ ስልኩን ከጆሯቸው ላይ አንሥተው አዩት፤ መልሰው አስጠጉት።

«ይቺስ ማን ናት?»

ስሟን ነገረቻቸው። የሸሁ እናት ስም ነበር። ሸሁ አጎዛው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ መጀመሪያም ተቀምጠው የነበሩ ይመስለኝ ነበር፤ መቼ እንደቆሙ አላየሁም።

እኔን በተመለከተ ምንም አልተባለም፤ እንዲባልም አልፈለግሁም። ማታ በሬ ላይ በሳህን ተሸፍኖ ገንፎ መጣልኝ፤ መሐሉ ላይ ቅቤው ከወትሮው እጥፍ ነው። ገንፎ የሚገነፋው ለአራስ ነው እንጂ ለማን ነው ብዬ ብገረም እትዬ በመስኮት፣ «እንግዲህ ሕፃን ተወልዶልን የለ! ዘግይተን ሰማን እንጂ!» አሉኝ።

ነገሩ በከተማው ሲሰማ ሌሎች እናቶች መምጣት ጀመሩ። ኃላፊዬ መጀመሪያ «ይሄ የኛ ሥራ ነው?» አለ፤ በኋላ ግን ከመካከላቸው አንዷ አክስቱ ሆና ስትገኝ ለሰፊዋ በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣበት ወረቀት ጻፈላት። ሁሉም አልተገኙም። አንዳንድ ቁጥር አይሠራም፤ አንዳንዱ ጮኾ ጮኾ ይቀራል፤ አንዳንዱ ይነሣና ክፉ ወሬ ያሰማል። ሰፊዋ ያንን ለእናቶቹ የምትነግረው ወደ ውጭ አውጥታ፣ አጥሩ ሥር አስቀምጣ ነበር። እኔ እንደሷ አድርጌ መንገር አልቻልኩም፤ ሞክሬም አላውቅም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ደሴ ተዛወርኩ። ሰፊዋ አሁንም አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። የሸሁ ልጅ አልመጣችም፤ ባሏ ወረቀት የለውም፣ እሷ ብቻዋን መውጣት ትፈራለች። ግን በየጁምዓው ከሰላት በኋላ ትደውላለች፤ ሸሁ ደረሶቹን ዝም አሰኝተው የልጅ ልጃቸውን በስልክ ቁርአን ያቀሯታል። ሕፃኗ የቁርአኑን መክፈቻ፣ ፋቲሓን ጨርሳለች አሉ። አንዳንዴ መስመሩ መጨረሻው ላይ፣ አሚን ሳትል ሲቆረጥ ሸሁ ስልኩን ትንሽ ይጠብቁና፣ «ጨርሳዋለች፤ እኔ ሰምቻታለሁ» ብለው ራሳቸው አሚን ይሉላታል።